ሽንኩርቱ ከሱሁር እስከ አፍጥር

በመቲ ፀሐይ የምትጠልቀው ከአዲስ አበባ ሩብ ሰዓት ያህል ዘግይታ ነው። ከሐረር ጋር ሲነጻጸር ደግሞ ልዩነቱ ወደ ግማሽ ሰዓት ይጠጋል። የእጅ ሰዓታችን በአገሩ ሁሉ አንድ ቢሆንም ፀሐይ እኛን የምትሰናበተን ከብዙው ሰው ኋላ ነው። የሐረር ቤተሰብ ቴምሩን ቀምሶ፣ ውኃውን ጠጥቶ፣ መግሪብን ሰግዶ ሾርባው ላይ ሲደርስ፣ እኛ እዚህ ምዕራብ ጫፍ ላይ ሆነን ገና ሰማዩን እናያለን። በቴሌቪዥን የሚሰማው የአዲስ አበባ አዛን ለእኛ አያገለግልም፤ የሰፈራችንን መስጊድ ነው የምንጠብቀው። ሱሁሩም በዚያው ልክ ስለሚዘገይ የጾሙ ርዝመት ያው ነው። ቢሆንም ያቺ የመጨረሻዋ ሩብ ሰዓት፣ ጾሞ ለሚያውቅ ሰው፣ ከሌሎቹ ሁሉ ትረዝማለች።

የምትረዝመው ደግሞ ከሁሉ በላይ ጓዳ ውስጥ ላለችው ነው። ከዐስር ሶላት እስከ መግሪብ ያለው ጊዜ ቁርኣን የሚቀራበት፣ ዱዓ የሚደረግበት፣ ለደከመውም ጎኑን የሚያሳርፍበት ነው ይባላል። በብዙ ቤት ግን ይህ ጊዜ የእናቶችና የእህቶች አይደለም። ሳምቡሳው ይጠቀለላል፣ ሾርባው ይማሰላል፣ ወጡ ይሠራል፤ የሁሉም መነሻ የሆነው ሽንኩርት በጭስ መሀል ይቁላላል። ሽንኩርት ደግሞ ጥለውት የሚሄዱት ነገር አይደለም። ዞር ሲሉ ያርራል፣ ቸኩለው ካወረዱት ጥሬ ጥሬ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ የማገዶና የከሰል ጭስ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ገምቷል። ቁጥሩ የዓለም ነው፤ ጭሱ ግን የሚገባው አጠገቡ ቆማ በምታማስለው ዓይንና ሳንባ ውስጥ ነው።

በዛሬው የረመዳን ገጻችን ስለ አንድ የፈረንሳይ ሾርባ የምንጽፈው በዚህ ምክንያት ነው። ሾርባው የሽንኩርት ሾርባ ሲሆን የሚሠራው ስሎው ኩከር በሚባለው፣ በዝግታ በሚያበስለው የኤሌክትሪክ ድስት ነው። ለመቲ ይህ ድስት ብርቅ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ከዓረብ አገር የሚመለሱ እህቶች በሻንጣቸው ይዘውት ይመጣሉ፤ ሩዝ ማብሰያ ተብለው ከሚሸጡት የኤሌክትሪክ ድስቶች ውስጥም በዝግታ የማብሰያ ቁልፍ ያላቸው አሉ። አንዳንዱ ቤት ምን እንደሚያደርጉበት ጠፍቷቸው ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጦ አቧራ ይጠጣል። እኛም ያወረድነው ከቁም ሳጥን ላይ ነው።

የድስቱ ታሪክ ራሱ ከሃይማኖት ሥርዓት ጋር የተያያዘ መሆኑን ስናውቅ ገርሞናል። የፈጠረው ኢርቪንግ ናክሰን የተባለ የቺካጎ አይሁዳዊ መሐንዲስ ነው። አይሁድ በሰንበት እሳት ማንደድ አይፈቀድላቸውም። ስለዚህ በአውሮፓ የነበሩት አርብ ከፀሐይ መጥለቅ በፊት ሥጋና ባቄላ መሰል ጥራጥሬ በድስት አድርገው በዳቦ ጋጋሪው ምድጃ ውስጥ ያኖሩና የምድጃው ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ሲያበስለው ያድራል። ምግቡ ቾለንት ይባላል። የናክሰን እናት በሊቱዌኒያ ልጅ ሳሉ ድስቱን ወደ ጋጋሪው ያመላልሱ እንደነበር ለልጃቸው ያወጉት ነበር። ልጅየው ያንን የምድጃ ሙቀት በኤሌክትሪክ ሽቦ ድስቱ ዙሪያ ጠቀለለውና እ.ኤ.አ. በ1940 የፈጠራ መብት አገኘበት። ከ30 ዓመት በኋላ ራይቫል የተባለ ኩባንያ ሥራውን ገዝቶ በ1971 ክሮክ ፖት ብሎ ለገበያ አወጣው። እሳት አጠገብ መቆም በማይቻልበት ቀን ምግብ እንዲበስል ታስቦ የተሠራ ዕቃ ለጾመኛ ቤት ቢስማማ አያስደንቅም።

ሾርባውም የራሱ ታሪክ አለው። የሽንኩርት ሾርባ በፈረንሳይ የድሃ ምግብ ነበር። ሽንኩርት፣ ውኃ፣ የደረቀ ዳቦ፤ ሌላው ሁሉ በኋላ የመጣ ነው። ስሙን ያገነነው በፓሪስ መሀል ሌ አል ይባል የነበረው ትልቁ የምግብ ገበያ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ጆንያ ሲሸከሙና ሥጋ ሲያወርዱ የሚያድሩ ሠራተኞች ሊነጋጋ ሲል በገበያው ዙሪያ ባሉ ምግብ ቤቶች ገብተው ትኩስ የሽንኩርት ሾርባ ይጠጡ ነበር፤ ከጭፈራ የሚመለሱ ሀብታሞችም አጠገባቸው ይቀመጡ ነበር ይባላል። ገበያው እ.ኤ.አ. በ1969 ከከተማው ውጭ ወደሚገኘው ራንዢስ ሲዛወር ሾርባው ግን እዚያው ቀረ። እንግዲህ መነሻው የሱሁር ሰዓት ምግብ ነው ብንል ብዙም አልተሳሳትንም። ፓሪስና መቲ የሚገናኙበት ሌላም ነገር አለ፤ የማጃንግ ደን በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ በ2009 ዓ.ም የተመዘገበው እዚያችው ከተማ በተደረገ ስብሰባ ነው። ይህ ከሾርባው ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ ግን መቲን ለማያውቅ አንባቢ አገራችን ምን ዓይነት ጫካ ውስጥ እንደሆነች ይነግረዋል።

የጫካ አገር መሆናችን ከሽንኩርቱ ጋር ግን ግንኙነት አለው። ቀይ ሽንኩርት ሲያፈራ ውኃ ይወዳል፣ ሲደርስ ግን ደረቅ አየር ይፈልጋል፤ በዝናብ ላይ ዝናብ በሚወርድበት መሬት ይበሰብሳል። የአገሪቱ የታወቁ የሽንኩርት ቦታዎች የስምጥ ሸለቆዎቹ መቂና ባቱ፣ በሰሜን ደግሞ ፎገራ የሆኑት ለዚህ ነው። ከመሀል አገር በጅማ፣ በቦንጋ፣ በሚዛንና በቴፒ አድርጎ ወደ መቲ የሚመጣ ሽንኩርት ረጅም መንገድ ተጉዟል። ስለዚህ እዚህ ሲገዛ እየተጫኑ ማየት ያስፈልጋል። አንገቱ የለሰለሰውንና የበቀለውን መተው፣ ጠንከር ብሎ ልጣጩ የሚንኮሻኮሸውን መምረጥ ነው። የተመታ ሽንኩርት ለወጥ ቶሎ ከተሠራ ያልፍለታል፤ አሥር ሰዓት ድስት ውስጥ ሲቆይ ግን መጥፎ ሽታው ጎልቶ ይወጣል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ለስድስት ሰው አንድ ኪሎ ተኩል ቀይ ሽንኩርት ያስፈልጋል። ብዙ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ከሽንኩርት ክብደት 89 በመቶ ያህሉ ውኃ ስለሆነ አንድ ኪሎ ተኩሉ ከ1.3 ሊትር በላይ ውኃ በውስጡ ይዟል። ሲበስል ሟሙቶ ድስቱ ግርጌ ይቀራል። አከታተፉ ለወጥ እንደምንከትፈው ደቃቅ ሳይሆን ለሁለት ተከፍሎ ከላይ ወደ ታች በቀጭኑ የተሰነጠቀ ነው፤ ደቃቁ በረጅሙ ሰዓት ሟሙቶ ገንፎ ይሆናል። የምንከትፈው ከተራዊህ በኋላ ማታ ነው። ጧት በጾም ሆኖ መክተፍም ይቻላል፣ ሽንኩርት ያስለቀሰው ሰው ጾሙ አይፈርስበትም፤ ግን ለምን? የተከተፈውን ክዳን ባለው ዕቃ አድርጎ ማሳደር ነው።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ግድም፣ ሱሁር ተበልቶ ሲያበቃ፣ ሽንኩርቱን ድስቱ ውስጥ ጨምረን ሦስት የሾርባ ማንኪያ ለጋ ቅቤ ወይም ዘይት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው እንጨምርበታለን። ንጥር ቅቤ ብናደርግስ ያሉን ነበሩ። የቅመሙ ሽታ ሾርባውን ይገዛዋል፤ እንደ እኛ ጣዕም ለዚህ አይሆንም። አገላብጠን፣ ከድነን፣ በዝቅተኛው ሙቀት ላይ አድርገን ሱብሒን ሰግደን እንተኛለን። ሥራው ይኸው ነው። ቢቻል ረፋድ ላይ አንድ ጊዜ ማማሰል ጥሩ ነው፤ ባይቻል አያርርም።

አለማረሩ ግን አንድ ጣጣ ያመጣል። ሽንኩርት የሚጠቁረው፣ ያ ሁላችንም የምናውቀው ጣፋጭ የቁሌት ሽታ የሚመጣው፣ በውስጡ ያለው ስኳርና የፕሮቲን ቅንጣቶች በሙቀት ሲዋሐዱ ነው። ነገሩን ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ካሚይ ማያር እ.ኤ.አ. በ1912 ስለገለጸው በስሙ ይጠራል። ይህ ውሕደት የሚፈጥነው ከውኃ መፍያ በጣም ከፍ ባለ ሙቀት ላይ ነው። ድስቱ ውስጥ ውኃ እስካለ ድረስ ግን ሙቀቱ ከመፍያው አያልፍም፤ ክዳኑ ደግሞ እንፋሎቱን መልሶ ያንጠባጥበዋል። ስለዚህ በስሎው ኩከር የሚቀላው ሽንኩርት በሰዓት ብዛት እንጂ በእሳት ብርታት አይደለም፤ ስምንትና አሥር ሰዓት የሚፈጀውም ለዚህ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ክዳኑን ፈቅ አድርጎ በማማሰያ ማስደገፍና እንፋሎቱን መልቀቅ ነው። አንድ ሰዓት ያህል ሲቆይ ውኃው ይመጥና ቀለሙ ከወርቅማ ወደ ቡኒ ይዞራል።

ፈረንሳይ አገር በሰፊ መጥበሻ አንድ ሰዓት ቆሞ እያማሰለ ከሚሠራው ጋር ይስተካከላል ወይ? ሁለቱንም ሞክረን አይተናል፤ አይስተካከልም። የድስቱ ሽንኩርት ይበልጥ ጣፋጭና ለስላሳ ነው፣ ነገር ግን ያቺ የተጠበሰ ጠርዝ ትጎድለዋለች። እኛ ስለዚህ መጨረሻ ላይ ወደ መጥበሻ ገልብጠን ጠንከር ባለ እሳት አሥር ደቂቃ እናምሰዋለን። ግርጌው ላይ የሚጣበቀውን ቡኒ ነገር በትንሽ ውኃ ፍቆ መመለስ ነው፣ ጣዕሙ ያለው እዚያ ነው። አሥር ደቂቃ መቆም ሁለት ሰዓት ከመቆም ጋር አንድ አይደለም፤ ይህን የማይፈልግ ግን ቢተወው ሾርባው ሾርባ ነው።

ሽንኩርቱን ወደ ድስቱ መልሰን አንድ ሊትር ተኩል የፈላ የአጥንት መረቅ እንጨምርበታለን። መረቁ ቀዝቃዛ ከሆነ ድስቱ እስኪሞቅ ሰዓቱ ያልቃል። ከዚያ ጦስኝ። ፈረንሳዮቹም በዚህ ሾርባ ውስጥ የሚያደርጉት የራሳቸውን ጦስኝ ነው፤ እኛ ከሻይ ጋር የምናውቀው የደጋው ጦስኝ የዚያ ዘመድ ነው፣ ሽታውም አይተናነስም። የተፈጨ ቁንዶ በርበሬም ይገባል፤ ይኸኛውን ከሩቅ ማምጣት አያስፈልግም፣ ጎረቤታችን ቴፒ ያበቅለዋል። ከ10 ሰዓት እስከ አዛን በከፍተኛው ሙቀት ቢቆይ ይበቃዋል። በዚህ ወቅት በመቲ ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ከ45 አካባቢ ስለሆነ ሁለት ሰዓት ከ45 ደቂቃ የሚሆን ጊዜ አለ ማለት ነው። በዚያ ጊዜ ማንም ምድጃ አጠገብ አይቆምም።

መረቁንም ድስቱ ራሱ ሊሠራው ይችላል። ከአፍጥር በኋላ ያለ ሥራ ስለሚቀመጥ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ የበሬ አጥንት በውኃ አድርጎ ቢተውት እስከ ሱሁር መረቅ ይሆናል፤ ድስቱም እንደ ፋብሪካ የቀንና የሌሊት ፈረቃ ይሠራል። ይህ የሚሆነው ግን ማቀዝቀዣ ላለው ቤት ነው። መረቁን በትናንሽ ዕቃ ከፍሎ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ሣፋ ውስጥ አቀዝቅዞ ቶሎ ማቀዝቀዣ ማስገባት ያስፈልጋል። ከንጋት እስከ ዐስር ውጭ የተቀመጠ መረቅ መልሶ ቢፈላም አስተማማኝ አይደለም፤ አንዳንዱ ጀርም ትቶት የሚሄደው መርዝ በማፍላት አይጠፋም። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት አጥንቱን የዚያኑ ቀን ቢቀቅል ይሻለዋል፤ ወይም አጥንቱን ትቶ ካሮት፣ ነጭ ሽንኩርትና የቲማቲም ልጣጭ ቀቅሎ ውኃውን ቢያጠል ያምራል።

ሙሉው የፈረንሳይ አሠራር ላይ ወይን ጠጅ አለ። ሲፈላ ይተናል የሚሉ አሉ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይተንም። የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ባወጣው ሠንጠረዥ መሠረት ከሌላ ነገር ጋር ተቀላቅሎ አንድ ሰዓት የበሰለ ምግብ ከገባበት አልኮል 25 በመቶውን፣ ሁለት ሰዓት ተኩል የበሰለው 5 በመቶውን ይዞ ይቀራል። ለሙስሊም ቤት ስሌቱም አያስፈልግም፣ ነገሩ ከመጀመሪያው አይገባም። ወይኑ በሾርባው ውስጥ የነበረው ሥራ የሽንኩርቱን ጣፋጭነት በኮምጣጣነት መቁረጥ ነው። ያንን አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ወይም የግማሽ ሎሚ ጭማቂ ይሠራዋል። አቼቶ፣ ማለትም ኮምጣጤ፣ በሐዲስ የተመሰገነ ማባያ ነው። ሾርባው ከድስት ሊወጣ ሲል መጨመር ነው፣ ቀድሞ የገባ ኮምጣጣነት ደብዝዞ ይጠፋል።

ስለ ሐዲስ ካነሣን ዘንድ፣ ሽንኩርትና መስጊድ የድሮ ጉዳይ አላቸው። ጥሬ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የበላ ሰው በሽታው ሰጋጁን እንዳያስቸግር ከመስጊድ እንዲርቅ በሐዲስ ተዘግቧል። ኸሊፋው ዑመር ደግሞ የግድ የሚበላው ሰው አብስሎ ሽታውን ይግደለው ማለታቸው ተላልፏል። አሥራ ሁለት ሰዓት ድስት ውስጥ የቆየ ሽንኩርት ሽታው ሞቷል ብንል ማጋነን አይሆንም፤ ጠጥቶ ተራዊህ መቆም ይቻላል። የሚያስለቅሰውና የሚሸተው ነገር በቀላሉ የሚተን ስለሆነ ረጅሙ ሙቀት ጠራርጎ ያወጣዋል።

ጾመኛ ሆኖ የሚያበስል ሰው ትልቁ ጭንቀት ጨው ነው። ብዙ ዑለማዎች የሚያበስል ሰው ሳይውጥ በምላሱ ጫፍ ቀምሶ ቢተፋ ጾሙን እንደማይጎዳው ያስተምራሉ፤ ብዙ ሰው ግን ልቡ አይፈቅድለትም። ስለዚህ በመስፈሪያ መሄድ ነው። ጧት ከገባችው አንድ የሻይ ማንኪያ ሌላ ከመረቁ ጋር ግማሽ የሻይ ማንኪያ ብቻ መጨመርና የቀረውን ገበታው ላይ ለየሰው መተው ነው። ያነሰው ይጨመርበታል፤ የበዛው ግን በአዛን ሰዓት ምን ይደረጋል?

ላዩ ላይ የሚደረገው ዳቦና አይብ ነው። ፈረንሳዮቹ ሾርባውን በሸክላ ሳህን ቀድተው፣ የተጠበሰ ዳቦ አንሳፍፈው፣ ግሩየር የሚባል ጠንካራ አይብ ፍቀው ይነሰንሱበትና ምድጃ ውስጥ ከትተው አይቡ እስኪቀልጥና እስኪቀላ ይጠብቃሉ። የእኛ አይብ አይቀልጥም። በኮምጣጣ ወተት የሚረጋ አይብ በእሳት ሲነካ ይደርቃል እንጂ አይሳብም፤ ይህ ባሕርይው ነው። ፎርማጆ ከአዲስ አበባ ወይም ከጅማ ያስመጣ ሰው በቀጭኑ ፍቆ የዳቦ ቁራጭ ላይ አድርጎ መጥበሻ ላይ ከድኖ ቢያቀልጠው ይሆንለታል። እኛ የወደድነው ግን ሌላውን ነው። የትናንት ዳቦ በከሰል ላይ በደንብ አድርቀን፣ የቤት አይብ በጥቂት ጨውና በቁንዶ በርበሬ ለውሰን ቀብተን፣ ከሾርባው ጎን ለብቻው ማቅረብ። ዳቦው መድረቅ አለበት፤ ለስላሳ ዳቦ ሾርባ ውስጥ ሲገባ ሊጥ ይሆናል።

ዳቦ በሌለበት ቀን ጎደሬ አለ። ወረዳችን በስሙ የሚጠራው ይህ ሥራሥር ተልጦ፣ በዳማ መልክ ተከትፎ፣ ለብቻው በደንብ ተቀቅሎ መጨረሻ ላይ ሾርባው ውስጥ ሲገባ ሾርባውን ወፈር ያደርገዋል፣ ሆድም ይይዛል። በደንብ ካልበሰለ ግን ጉሮሮ ያሳክካል። ቦሎቄ መጨመር የሚያምረው ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይወቅ፤ ጥሬ ቦሎቄ በስሎው ኩከር ብቻ አይበስልም። በውስጡ ያለው መርዛማ ነገር የሚጠፋው ቢያንስ አሥር ደቂቃ ተንተክትኮ ሲፈላ ነው፣ በዝቅተኛ ሙቀት ግን ሊብስበት ይችላል። አዘፍዝፎ፣ ውኃውን ደፍቶ፣ በሌላ ድስት አፍልቶ ማስገባት ነው።

መብራቱስ? ይህ ሳይነሣ የኤሌክትሪክ ድስት ማውራት በመቲ ያስቃል። ፍጆታውን በተመለከተ ድስቱ ቁጠባ ያውቃል። 200 ዋት የሚወስድ ድስት 12 ሰዓት ቢሠራ የሚፈጀው 2.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። 3,500 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ ይህንኑ የሚጨርሰው በ40 ደቂቃ ገደማ ነው። ችግሩ መቋረጡ ነው። ሽንኩርትና ዘይት ብቻ ያለበት ድስት መሀል ላይ ቢቋረጥበት ቤት ውስጥ ያለ ሰው አይቶ ወደ ከሰል ሊያዛውረው ይችላል። መረቅና ሥጋ ያለበት ከሆነ ግን ሁለት ሰዓት ለብ ብሎ የቆየ ምግብ አደገኛ ነው። ሁሉም ወጥቶ ውሎ መብራቱ መቼ ጠፍቶ መቼ እንደመጣ ካልታወቀ መድፋት ነው፤ ከአፍጥር በኋላ ልጅ ይዞ ጤና ጣቢያ ከመሮጥ ይሻላል። ለዚህ ነው መረቁን ጧት ሳይሆን ሰው ቤት ሲገባ፣ ከ10 ሰዓት በኋላ የምንጨምረው።

ድስቱም መብራቱም ለሌለው የሸክላ ድስትና ረመጥ አለ፤ እንዲያውም የመጀመሪያው ስሎው ኩከር እሱ ነው። የነደደ ከሰል በአመድ ሸፈን አድርጎ፣ የሸክላ ድስቱን አስቀምጦ፣ ከድኖ በየግማሽ ሰዓቱ ማማሰል ነው። አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ወፍራም የሸክላ ግድግዳ ሙቀቱን አስታርቆ ስለሚያደርስ አያቃጥልም፣ ጣዕሙም ከኤሌክትሪኩ ይበልጣል ብለን እንከራከራለን። ነገር ግን ሰው ይይዛል፣ ጭስም አለው፤ ልንሸሸው የተነሣነው ደግሞ ያንን ነው።

ሾርባውን ካቀመስናቸው መካከል ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት ሁለት ማንኪያ ጠጥተው ሳህኑን አዩና፣ «ልጆቼ፣ ቁሌቱ እጅግ አምሮበታል። ወጡስ የታለ?» አሉን። ሳቅን፤ እሳቸው ግን ነገሩን ከእኛ ይልቅ በትክክል አይተውታል። የፈረንሳይ የሽንኩርት ሾርባና የዶሮ ወጥ እስከ ግማሽ መንገድ አንድ ናቸው። ሁለቱም ብዙ ሽንኩርት ያለ ችኮላ ቀልጦ ስኳሩ እስኪወጣ መጠበቅ ነው። ከዚያ አንደኛው መረቅና ጦስኝ፣ ሌላኛው በርበሬና ቅቤ ይጨምርና ይለያያሉ። ስለዚህ ከማያውቁት ሾርባ ጋር መተዋወቅ የማይፈልግ ቤት እንኳ ድስቱን ለቁሌት ሊጠቀምበት ይችላል። ሦስት ኪሎ ሽንኩርት አንድ ቀን በዝግታ አብስሎ፣ በየመጠኑ ከፍሎ ማቀዝቀዣ ቢያስገባ እስከ አራት ቀን ይቆያል፤ በረዶ ቤት ከገባ ረመዳኑን ሙሉ ያገለግላል። በየቀኑ ወጥ ሲሠራ የመጀመሪያውና ረጅሙ ሥራ ተሠርቶ ይጠብቃል። እንደ እኛ ግምት ከሾርባው ይልቅ ለብዙ ቤት የሚጠቅመው ይኸኛው ነው።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ረመዳንና ሁዳዴ እየተገናኙ ነው። መቲ ከማጃንጉም ከየክፍለ አገሩ የመጣውም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ግድግዳ ለግድግዳ የሚኖርባት ከተማ ስለሆነች አፍጥር ሲደርስ ለጎረቤት ሳህን መላክ ያለ ነው። የሁዳዴ ጿሚ ጎረቤት ካለ ቅቤው በዘይት፣ የአጥንቱ መረቅ በአትክልቱ ውኃ ይለወጣል፣ አይቡ ይቀራል። ሽንኩርቱ ራሱ ጣፋጭ ስለሆነ ቅቤው ብዙ አይታወቅበትም። በዘይት የሠራነውን ቀን ቤት ውስጥ ካሉት ልዩነቱን የለየ አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ እሱም የለየው ከተነገረው በኋላ ነው።

የተረፈው ሾርባ ለሱሁር ይሆናል። ከአፍጥር በኋላ ቶሎ ቀዝቅዞ ማቀዝቀዣ ገብቶ፣ ሌሊት ተንተክትኮ እስኪፈላ ቢሞቅ ከመጀመሪያው ሰዓት ይልቅ ጣዕሙ የተዋሐደ ነው። ፈሳሽ ስለሆነ ለውሎ ጥምም ይረዳል፤ ጨው ከበዛበት ግን ተቃራኒውን ስለሚያደርግ የሱሁሩን ሾርባ በትንሽ ሙቅ ውኃ ማቅጠን ያስፈልጋል። ድስቱን አጥቦ ለቀጣዩ ሽንኩርት ማዘጋጀትም እዚያው ላይ ነው። የሸክላውን ውስጥ ትኩስ እንዳለ ቀዝቃዛ ውኃ ከነካው ይሰነጠቃልና ቀዝቅዞ ይታጠብ።